ማስተካከያ፦ ስለ ንግድ ሕንፃዎች የብክለት መድን

በድሬዳዋ ላሉ የሆቴልና የንግድ ሕንፃ ባለቤቶች ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ የእሳት አደጋ መድን ያለው ሕንፃ በብክለት ለሚደርስበት ጉዳትም ካሳ እንደሚያገኝ መግለጻችን ስህተት ስለሆነ አንባቢዎቻችንን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። እንዲህ ያሉ ውሎች ብክለትን አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋን ውጭ ያደርጋሉ፤ በሌሎች ሰዎች ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት መድንም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ድንገተኛ ፍሳሽን እንጂ፣ ከጄኔሬተር የናፍጣ ማጠራቀሚያ ለዓመታት እየሰረገ አፈሩንና የጉድጓድ ውሃውን የሚበክለውን አይደለም። ለዚህ ራሱን የቻለ የብክለት ኃላፊነት ውል ያስፈልጋል።

ከባድ የሳንባ ምች የሚያስከትለውን ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ በተመለከተም «ውሃውን በመጠጣት ይተላለፋል» ያልነው ይታረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 በፊላደልፊያ አንድ ሆቴል በተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ከደረሰው ወረርሽኝ በኋላ የታወቀው ይህ ባክቴሪያ ሰውን የሚይዘው በዋናነት እንደ ሻወር ካሉ መሣሪያዎች የሚወጣው ረቂቅ የውሃ ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ነው። የሚራባውም ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለው ውሃ ውስጥ ስለሆነ፣ በከዚራም ሆነ በሳቢያን ሰፈር ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲያሞቀው የሚውል ሮቶ፣ በተለይም እንግዳ ባልገባባቸው ክፍሎች ቧንቧ ውስጥ ውሃው ሲቆም፣ በእጅጉ ያሳስበናል። ባለቤቶች ባክቴሪያ በውላቸው ከሽፋን ውጭ ከሆኑት አደጋዎች መካከል መጠቀስ አለመጠቀሱን አረቦን (የመድን ክፍያ) ከመክፈላቸው በፊት እንዲያረጋግጡ እንጠይቃለን።