ውዳሴ ኮፈን ለማይከፍቱት አሽከርካሪ

አዲስ አበባ ለነገሥታቷ፣ ለሰማዕታቷና ለአንበሶቿ ሳይቀር ሐውልት ስታቆም፣ ኮፈን ከፍተው ለማያውቁት አሽከርካሪዋ እስካሁን አንድ ድንጋይ እንኳ አለማቆሟ ውለታ ቢስነት ነው። ሌላው ዓለም መኪናን ብረት ብቻ አድርጎ ስለሚያይ ኪሎ ሜትር እየቆጠረ ዘይት ይቀይራል፣ በየወሩ የጎማ ነፋስ ይለካል፣ ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መመሪያም ቁጭ ብሎ ያነብባል። የእኛ ክቡር አሽከርካሪ ግን መኪናቸውን የሚያስነሡት በቁልፍ ብቻ ሳይሆን በእምነትም ጭምር ነው። የምትንቀሳቀስ መኪና ሁሉ ጤነኛ ናት፣ የቆመች መኪና ደግሞ ሰው የነካካት ናት ብለው ያምናሉ። ይህን እምነታቸውን የመካኒክ ምክር፣ የዳሽቦርድ መብራትና ከሥር የሚሰማ የብረት ጩኸት ተባብረው እንኳ ሊያናውጡት አልቻሉም።

ለመኪናቸው ፍቅር የላቸውም የሚል ቢኖር ሐሜተኛ ነው። መኪናዋ ከዱባይ ስትመጣ ወንበሯ የለበሰው ላስቲክ ዓመታት አልፎት፣ ተቀዶና በላብ ተጣብቆ እንኳ አይነሣም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ጠጉራም ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ስፖኪዮዋ እንዳይሰረቅ የሰሌዳ ቁጥሯ ይቀረጽበታል፤ ባልዲና ስፖንጅ ይዘው መንገድ ዳር የሚጠብቁት ልጆችም ቸርኬዋን ፊት እስኪያሳይ ድረስ ያሹላቸዋል። የዚህ ሁሉ እንክብካቤ ወሰኑ ኮፈኑ ነው። ከኮፈኑ በታች ያለው የመካኒክ ግዛት ስለሆነ ጨዋ ሰው ሳይጠራ አይገባበትም። አልፎ አልፎ ፍቅራቸው ገንፍሎ ሞተሩንም በግፊት ውሃ ያሳጥቡታል፤ በማግሥቱ የኤሌክትሪኩ ክፍል ርሶ መኪናዋ አልነሣም ስትል ግን «ትናንት እኮ ደኅና ነበረች» ብለው ከልባቸው ይደነቃሉ።

ከዘይት አጠቃቀማቸው የምንማረው ቁጠባን ነው። ተራ የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ግድም ይቀየር የሚለውን የተለመደ ምክር ሰምተውታል። ዘይት ቀያሪው የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጽፎ በበሩ ጠርዝ ላይ የለጠፈላቸው ወረቀትም አለ፤ ነገር ግን ቀኑም ኪሎ ሜትሩም ካለፈ ብዙ ዘመን ስለሆነው ቅርስ ነው ብለው አይነኩትም። ዘይቱ ሲጎድል ይጨምሩበታል እንጂ በገንዘብ የተገዛ ነገር እንዴት ይደፋል? በተለይ ከሥር የምታፈስ መኪና ያለቻቸው እጅግ የታደሉ ናቸው፤ አሮጌው ወደ ታች ሲንጠባጠብ አዲሱ ከላይ ስለሚገባ ዘይቱ ያለ መካኒክ በራሱ ጊዜ ይቀየራል፣ የሰፈሩም አቧራ አብሮ ይረግባል። ፊልትሮው ያው ከነጥላሸቱ ይቀራል፤ እርሱ ግን ስለማይታይ አይቆጠርም።

የዳሽቦርድ መብራት ሲበራ የሚያሳዩት መረጋጋት ደግሞ ባሕታዊን ያስቀናል። ፋብሪካው ቀዩን መብራት የሠራው «አሁኑኑ ቁም» ለማለት፣ ቢጫውን ደግሞ «ቶሎ አስመርምር» ለማለት ነበር፤ የዘይት ማንቆርቆሪያ የመሰለችው ቀይ ምልክት እየነዱ ከበራች የዘይት ግፊት ወርዷልና ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊነክስ፣ ማለትም ብረቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሊቆም ይችላል። አሽከርካሪያችን ግን «ቤቴ እኮ እዚሁ ነው» ብለው ከመገናኛ እስከ አያት ይነዳሉ። ቢጫዋን የሞተር ምልክትማ መኪናዋን ከገዙበት ቀን ጀምሮ ስለምትበራ የተፈጥሮ ጌጧ አድርገው ተቀብለዋታል፤ ማታ ማታ ዐይናቸውን የወጋቻቸው እንደሆነ ጥቁር ፕላስተር ይለጥፉባታል። ከእርሳቸው የበለጠ ጥንቁቅ የሆኑት ደግሞ መመርመሪያ ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ዘንድ ሄደው ከፍለው ያስጠፏታል። ችግሩን አላልኩም፤ ምልክቷን ነው።

ጥበባቸው ጎልቶ የሚታየው ግን በውሃ ጉዳይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች፣ ክፍት ድስት ውስጥ የተጣደ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ሞተር ደግሞ በደኅና ቀኑም ቢሆን 90 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይሠራል። መሐንዲሶቹ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት እንዲይዝ አድርገው የሠሩት፣ ከውሃውም ጋር ኩላንት የተባለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ እንዲቀላቀል ያዘዙት፣ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ለማድረግና የውስጡን ብረት ከዝገት ለመጠበቅ ነበር። አሽከርካሪያችን ይህን ሁሉ ጣጣ በአንድ የሃይላንድ ጠርሙስ የቧንቧ ውሃ ገላግለውታል። የክዳኑ ጎማ ተበልቶ መክደን ሲያቅተው ፌስታል ጠቅልለው ይወትፉበታል። መኪናዋ እየሞቀች ስታስቸግራቸው ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ ቴርሞስታቷን አስነቅለው ይጥላሉ፤ የተጣለው ዕቃ ሞተሩ ቶሎ ሞቆ ሙቀቱን ጠብቆ እንዲሠራ የሚያደርገው መሆኑ፣ ያለ እርሱ የሚሠራ ሞተርም ነዳጅ የሚያበዛና ቶሎ የሚያረጅ መሆኑ ምን ገዷቸው! «ይሄ ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነው፣ ለኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ የነቀለላቸው መካኒክ እርሳቸውን የመሰለ አማኝ ነው።

የዚህ ጥበብ ፍሬ ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ዳር ይታያል። መኪናዋ እንፋሎት እያጎነች ቆማለች፤ ልጆቹ ዳር ላይ ተደርድረዋል፤ ወይዘሮዋ ለሽርሽር የተሰናዳውን ምሳ ታቅፈው ፀሐይ ይመታቸዋል፤ ኮፈኑም ከተገዛ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በባለቤቱ እጅ ተከፍቷል። አሽከርካሪያችን ሞተሩ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ለፈሪዎች መሆኑን ስለሚያውቁ ሹራባቸውን አውልቀው የፈላውን ራዲያተር በእርሱ ይዘው ይከፍቱታል፤ እንፋሎቱ ወደ ላይ ሲምዘገዘግም በወጣትነታቸው ጊዜ እንኳ ባልነበራቸው ቅልጥፍና ወደ ኋላ ይዘላሉ። ከዚያም በጋለው ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሱበታል። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ተጣሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን መቃጠሉ የሚታወቀው ሰኞ ጋራዥ ሲደርሱ ነው፤ ሒሳቡን ሲያዩም የኩላንቱን ዋጋ ከእርሱ ጋር ማስተያየት የንፉግ ሥራ ስለሚመስላቸው «አገሩ ላይ እኮ መካኒክ ጠፋ» ብለው በትዝብት ይከፍላሉ።

ፍሬን ላይ ስንደርስ ውዳሴው ቆሞ የሚቀርብ ይሆናል። ብዙ የፍሬን ሸራዎች ሊያልቁ ሲሉ እንዲጮኹ ተብሎ ቀጭን ብረት ተሠርቶላቸዋል፤ አሽከርካሪያችንም ጩኸቱ እንደተሰማ ተገቢውን እርምጃ በመውሰድ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ሲብስም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው መኪናዋን ለቁልቁለቱ ይለቁለታል። አብዛኞቹ የዘመኑ መኪኖች በማርሽ ተይዘው ቁልቁል ሲወርዱና የነዳጅ መስጫው ፔዳል ሲለቀቅ ለሞተሩ የሚሰጠውን ነዳጅ ራሳቸው ይዘጋሉ፤ በዜሮ ማርሽ ሲወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን አያቋርጥም። ስለዚህ አሽከርካሪያችን ነዳጅም ፍሬንም በአንድ ጊዜ የሚጨርሱበትን መላ ቆጠባ ብለው ሰይመውታል ማለት ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነ ቁልቁለት ላይ ይህን ለመሞከር የሚበቃ ልብ በየአገሩ አይገኝም።

የፍሬን ዘይት ይቀየራል ብሎ የነገራቸው ሰው ቢኖር ሊያታልላቸው የመጣ ይመስላቸዋል። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት የሚስብ በመሆኑ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ የሚቆየው ዶት 3 የተባለው ዓይነት፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል፤ በየሁለት ዓመቱ ግድም ይቀየር የሚባለውም ለዚህ ነው፣ የፈላ ፈሳሽ አረፋ ይሆንና ፔዳሉ ቢረገጥ ባዶ ይወርዳልና። አሽከርካሪያችን ከገዟት ጀምሮ ያልተቀየረው ዘይታቸው ቡና መስሎ እያዩት «ገና ነው፣ ሙሉ ነው» ይላሉ። ክፉ ቀን ሲመጣም ለትራፊክ ፖሊሱ የሚሰጡት ቃል አንድ ነው፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ»። ዓመታት ሙሉ ሲለምናቸው የኖረው ፍሬን በዚያች ዕለት በድንገት ዐመፀኛ ሆኖባቸው ነው። የእጅ ፍሬኑማ ከተረሳ ቆይቷል፤ በሚኒባስ ታክሲዎቻችን ላይ ይህን ሥራ ረዳቱ ተረክቦ፣ መኪናው ዳገት ላይ በቆመ ቁጥር ድንጋይ ይዞ እየዘለለ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። በጋራዥ የሚጠገነው ገመድ በአንድ ሰው ሥራ ስለተተካ ይህን ከሥራ አጥነት ቅነሳ ጥረታችን መካከል መቁጠር ይገባል።

ጎማን በእግር መታ መታ አድርጎ ነፋሱን ማወቅ ሌላው ጸጋቸው ነው። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ጎሚስታው ግን ሳይጠየቅ «ጠንከር ላድርጋት?» ይላቸዋል፣ እርሳቸውም «ጠንከር አድርጋት» ይላሉ፣ ምርመራውም በዚህ ይጠናቀቃል። በጎማው ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ የሚገኙት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩ ናቸው፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ይህን የሚያነብብ ገዢ ለሻጩ ጭንቀት ስለሚሆንበት አሽከርካሪያችን በጨዋነት አያነብቡትም።

እንዲህ ያለችው መኪና ዓመታዊውን የቦሎ ምርመራ እንዴት ታልፋለች ብሎ የሚጠይቅ ካለ የኢትዮጵያዊነትን የመረዳዳት ባህል የማያውቅ ነው። የምርመራው ሰሞን ሲደርስ ደኅናው ጎማ ከወንድም፣ እሳት ማጥፊያው ከጎረቤት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑና ባለ ሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂ ከባልደረባ ይሰበሰባሉ፤ መኪናዋ ለአንድ ቀን ሙሽራ ሆና ትቀርባለች፤ ቦሎዋ በመስተዋቱ ላይ እንደተለጠፈም ዕቃው ሁሉ ተራውን ወደሚጠብቀው ሰው ይሸጋገራል። አንጸባራቂው ቀርቶባቸው አገር አቋርጠው ሲጓዙ ቢበላሹ የዛፍ ቅርንጫፍና ድንጋይ አይጠፋም። ቅርንጫፉን ነፋስ ይወስደዋል፤ ድንጋዩ ግን መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቀርቶ በሌሊት የሚመጣውን የሌላ ሰው ጎማና ባልስትራ ይጠብቃል። ሌላው ሰው ከተረፈ ለጎሚስታው እንጀራ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተሰማ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙት ወገኖቻችን እምነቱን ወደ ላቀ ደረጃ አድርሰውታል። ዘይት የላትም፣ ካንዴላ የላትም፣ ስለዚህ ምንም የላትም ይላሉ። ጎማዋ፣ የፍሬን ዘይቷ፣ የባትሪዋ ማቀዝቀዣ ፈሳሽና የውስጥ አየር ማጣሪያዋ እንዳሉ ቢነገራቸው፣ ከነዳጅ ሰልፍ ነጻ የወጣን ሰው እንደገና ለማሰር የተሸረበ ሴራ አድርገው ይቆጥሩታል። የባትሪዋ ክብደት ጎማዋን ቶሎ እንደሚበላው የሚያውቁት ሽቦው ሲታይ ነው።

ገበያው ራሱ ከአሽከርካሪያችን ጎን ቆሟል። በሌላው አገር ያረጀ መኪና ዋጋው ይወርዳል፤ በእኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ በኋላም የነዳጅ መኪና መግባቱ ሲከለከል፣ አገር ውስጥ ያለችው ኮሮላና ቪትዝ ከተገዛችበት በላይ ስትሸጥ ማየት የተለመደ ሆኗል። አሽከርካሪያችንም መኪናቸውን ሊሸጡ ሲያወጧት በመጀመሪያ ያሳጥቧታል፣ ቀጥለው ቢጫዋን ምልክት ያስጠፏታል፣ ከዚያ ለደላላ ይነግራሉ። ገዢው ደርሶ ቀለሟ የተነካ እንደሆነ በጣቱ ጫፍ እያንኳኳ ዞራት፤ በሮቿን ከፍቶ ዘጋ፤ ወንበሩ ላይ ያለውን ላስቲክ ዳሰሰና ረካ። ከዚያ ግን ጨዋነት የጎደለው አንድ ጥያቄ አመለጠው፤ ዘይቷ መቼ ተቀየረ፣ ሰርቪስ የተደረገችበት ወረቀትስ አለ ወይ አለ። ደላላው ክፉኛ ተቀየመ።

«ጋሼ፣ ሞተሯ ያልተነካ መኪና ይዤልዎ ብመጣ እንዲህ ይሉኛል? ይቺ እኮ ምንም ያልጎደለባት ናት፤ ጋራዥ ምን ልታደርግ ትገባለች?»

አሽከርካሪያችን ይህን ምስክርነት ሲሰሙ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ አስቀድመው በጠሩት ዋጋ ላይ ሃምሳ ሺሕ ብር ጨመሩበት።