የቀበና ወንዝ ለጋሾች

በቀበና ወንዝ ዳር ማለዳ ማለዳ በእግራቸው ለሚንሸራሸሩ የከተማችን ነዋሪዎች እስከ ዛሬ ተገቢው ምስጋና አለመቅረቡ ያሳዝናል። ጤናቸውን ለመጠበቅ በጠዋት ተነሥተው፣ ንጹሕ አየር ፍለጋ ወንዙን ተከትለው ይወርዳሉ፤ የያዙትን ሃይላንድ ጠጥተው ሲጨርሱም ባዶውን ለራሳቸው አያስቀሩም፣ ለወንዙ ይለግሱታል። ላብ የጠረጉበት ሶፍትም እንዲሁ ይከተላል።

እነዚህ ሰዎች ንጽሕና አይወዱም የሚል ካለ ቤታቸውን አላየም። ወለሉ በየቀኑ ይወለወላል፣ ደጁ ውኃ ተርከፍክፎበት ይጠረጋል፣ እንግዳም ጫማውን ሳያወልቅ አይገባም። ጥራጊው በፌስታል በጥንቃቄ ይቋጠራል (ሳይቋጥር የሚደፋ ሰው በሰፈሩ ዘንድ ባለጌ ተብሎ ይታማል)፣ ሲመሽም ከድልድዩ ላይ ቁልቁል ይወረወራል። በተለይ በክረምት የሚታየው ትዕግሥት ያስደንቃል፤ ቆሻሻውን ለቀናት አጠራቅመው፣ ሰማዩ እስኪጠቁር ጠብቀው፣ ዶፉ ሲወርድ «ጎርፉ ይውሰደው» ብለው ይለቁታል። ጎርፉም አያሳፍራቸውም። ቀበና የተሰጠውን ሁሉ ለትልቁ አቃቂ ያስረክባል፣ አቃቂ ለአባ ሳሙኤል ግድብ፣ ግድቡም የተረፈውን ለአዋሽ። በመንገዱ ላይ በዚሁ ውኃ የሚለማው ቆስጣና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ገበያችን ስለሚመጣ፣ የሰጠነው በከንቱ አይቀርም፤ በጾም ቀን ከማዕዳችን ላይ እናገኘዋለን።

ሕግ ይህን ልግስና ሊገታ መሞከሩ አልቀረም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዳይመረትና ወደ አገር እንዳይገባ ቢደነግግም፣ የፌስታል ውፍረት መለኪያ ይዞ ጉሊት የሚወጣ ሰው ስላልነበረ ነገሩ በሰላም አለፈ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታል ጨርሶ ይቅር የሚል አዋጅ ጸደቀ። በወንዙ ዳር ባሕር ዛፎች ላይ የተሰቀሉት ግን ከአዋጁ በፊት የሰፈሩ ነባር ይዞታዎች ናቸውና መብታቸው ተጠብቆ ይኖራሉ።

የሕዝባችን ቸርነት ፈጽሞ የሚገለጠው ግን ቆሻሻ የሚለቅም ሰው ሲገኝ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ጡረተኛ አባት ጓንት አጥልቀውና ማዳበሪያ ይዘው፣ እየተራመዱ ጎንበስ ቀና እያሉ ሲለቅሙ ይታያሉ። መንገደኛው ቆሞ «አባባ፣ እግዜር ይስጥዎ! አገር ያጣችው እንዲህ ያለ ሰው ነው» ይላቸዋል፤ ምርቃቱን ሳይጨርስም የማስቲካውን ወረቀት ከእግራቸው ሥር ይጥላል፣ ሥራ እንዳይፈቱ። ሌላው «ስንት ይከፍሉዎታል?» ብሎ ይጠይቅና በነፃ መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «ምን ነክቷቸው ነው? ልጆቻቸውስ ምነው ዝም አሉ?» የሚለው ጭንቀት ከቤት ቤት ይዞራል። ሃይላንድ ለቅመው የሚሸጡትን ልጆች ማንም እንዲህ አይጠረጥራቸውም፤ ለገንዘብ ነውና ሥራቸው ይገባናል። ከሁሉም የምትደነቀው ግን የኩሽናዋን ቋጠሮ አንጠልጥላ፣ እያለከለከች ደርሳ፣ «አባባ፣ ሊሄዱ ነው እንዴ? እባክዎ ይቺንም ይጨምሩልኝ» የምትለው እመቤት ናት። ወንዝ ውስጥ ከመጣል ተቆጥባለችና በሠለጠነ ሰው ወግ ነው የመጣችው።

በዘመቻ ቀን ግን ሁላችንም ለቃሚዎች ነን። አንድ ዓይነት ካኔቴራ ለብሰን፣ ካሜራው ወደ እኛ እስኪዞር አካፋ ተደግፈን ቆመን፣ ለዘማቹ የታደለውን ውኃ ጠጥተን፣ ባዶውን እዚያው ትተን እንመለሳለን። የሚቀጥለው ዘመቻስ ምን ይልቀም?

ለእኒያ አባት ያለንን አክብሮት እንደያዝን፣ አንድ አቤቱታ ብናቀርብ አይቀየሙንም ብለን እናምናለን። ከድልድዩ በታች ያለውን መታጠፊያ አንድ ሳያስቀሩ በማጽዳታቸው፣ ዘመናቸውን ሁሉ እዚያ ሲጥሉ የኖሩ አባወራዎች በንጹሕ ሣር ላይ የመጀመሪያው ጣይ መሆን ከብዷቸው፣ ቋጠሯቸውን ተሸክመው እስከ ቀጣዩ ድልድይ ለመጓዝ ተገደዋል፤ ከመካከላቸው ጉልበታቸውን የሚያማቸው ስላሉ፣ ለመነሻ ያህል እንኳ ሁለት ሦስት ፌስታል ቢተዉልን።