«አፍ ሌላ፣ ክርን ሌላ» ብሎ ነገር

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ላይ ለወላጆች በተሰጠ የጤና ትምህርት አንዲት እናት ተነሡ። ልጃቸው አንድ መንጋጋዋን አማልጋም በሚባለው የጥርስ መሙያ አስሞልታ፣ ሌላው በብረት ከተሸፈነላት ወዲህ ክርኗና አንገቷ እንደሚያሳክካት ተናገሩ። የጥርስ ባለሙያው ሳቁ። «እናቴ፣ አፍ ሌላ፣ ክርን ሌላ። የደጋ ብርድ ነው፤ ቫዝሊን ይቀቧት» አሉ። አዳራሹም አብሮ ሳቀ።

ብርድማ ቢሆን ታናሽ ወንድሟን ለምን ማረው? አንድ ቤት ነው የሚያድሩት። ደግሞስ እንቁላል የማይስማማው ልጅ የሚበላው በአፉ አይደለምን? ሽፍታው ግን ጀርባው ላይ ይወጣል። ይህን ለመንዝ እናቶች ማንም ማስተማር አያስፈልገውም፤ ተምረናል የሚሉት ናቸው የዘነጉት።

እኚያ እናት ሌላም ነገር ብለው ነበር፤ ሳቁ ዋጠው እንጂ። ለጥምቀት ከገበያ የገዙላት ጉትቻ በሁለተኛው ቀን የጆሮዋን ቀዳዳ አቁስሎ ውኃ አስቋጠረው። አወለቁላት፤ ዳነች። የአንገቷን መስቀልም ከብረት ወደ እንጨት የቀየሩላት በዚሁ ምክንያት ነው። ርካሽ ጉትቻ ውስጥ ብዙ ጊዜ ኒኬል የተባለ፣ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ የሚያስቆጣ ብረት አለ። የልጆች መንጋጋ የሚሸፈንበት የማይዝግ ብረትም ኒኬል አለበት። እንግዲህ ባለሙያው መሰርሰሪያውን ከማንሣታቸው በፊት «ልጅቱ ጉትቻ ይስማማታል?» ብለው መጠየቅ ነበረባቸው። ሦስት ቃል ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የተጠረጠረው ነገር ጀርባ ላይ ተለጥፎ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከዚያም በአራተኛው ቀን ገደማ የሚታየው የአለርጂ ምርመራ ግን ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ለሚመጣ ገበሬ የአልጋና የምግብ ወጪ ነው። ሦስቱን ቃል የነፈገ ሰው ይህን ሁሉ በእናትየዋ ጫንቃ ላይ ጣለ።

አማልጋሙስ? ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ፣ ሐኪሙ የግድ ካላለ በቀር፣ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሞላ ከልክሎ ነበር፤ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ክልከላው ለሁሉም ሆኗል። ክልከላው ስለ ሜርኩሪ እንጂ ስለ ቆዳ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። በአማልጋም ቆዳው የሚቆጣ ሰውም ጥቂት ነው ይባላል። ሳይጠይቁ የቆጠሩት እንዴት ይብዛ?

ስንወጣ ልጅቱን አየኋት። ክርኗን በሹራቧ ላይ ታካለች። በጆሮዋ ቀዳዳ በጉትቻው ፋንታ የስንደዶ ስንጥር ተሰክቷል፤ ባለሙያው አንድ ጊዜ ዝቅ ብለው ቢመለከቱ ያዩት ነበር።