ሻንሲ ወይስ ኪሎ ሜትር

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የድሬ ሙቀት በረድ ሲል፣ አራት ሰዎች ዛፍ ሥር ሻይ ይዘው በሁለት ፒካፖች ይከራከራሉ። አንዱ ሊገዛ ያሰበ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሲሚንቶና ብረት ወደ ሐረር ሊያወጣበት ይፈልጋል። ሌሎቹ ሽማግሌ መካኒክ፣ የመኪና ቆርቆሮ የሚጠግን ባትላሜራና የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው።

ሁለቱም መኪኖች ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ ቪጎ ናቸው፤ የተጠየቀባቸውም ዋጋ ተቀራራቢ ነው። የመጀመሪያው ከአወዳይ ጅጅጋ ጫት ሲያመላልስ ኖሮ ቆጣሪው 340 ሺህ ኪሎ ሜትር ደርሷል፤ ሥሩ ግን አቧራ እንጂ ዝገት የለበትም። ሁለተኛው አፋር ውስጥ፣ አፍዴራ ጨው ማምረቻ ላይ የሠራ ነው። ከጨው ኩሬ እስከ መጋዘን ሲመላለስ ስለኖረ የሄደው 140 ሺህ ብቻ ነው። ቀለሙ አዲስ ነው፤ ከካሶኒው፣ ከኋላ ካለው የጭነት ሳጥን፣ ሥር ግን ቀይ ዱቄት ይረግፋል።

የነጋዴው ልብ ወደ ሁለተኛው አዘንብሏል። "አቦ፣ ዝገት ምንድን ነው? ፍቀህ ትቀባዋለህ። ያለቀ ሞተር ግን ቀለም አያድነውም።"

መካኒኩ ደገፈው። "340 ሺህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ። የዚህ ሞተር ታይሚንግ ቺንጋ፣ ቫልቭና ፒስተንን የሚያቀናጀው ቀበቶ፣ በ150 ሺህ ይቀየራል። ስለዚህ እስካሁን ሁለቴ መቀየር ነበረበት። የ300 ሺሁ ከታለፈ፣ የተበጠሰ ቀን ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ናፍጣ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሥር ያሉት የመዳብ ወሸሮች ሲያልቁ ደግሞ የተቃጠለው ጋዝ ሾልኮ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ዘይቱ እንደ ቅጥራን ይወፍራል፤ ጥቀርሻው ወደ ታች ወርዶ የዘይት ፓምፑ የሚስብበትን ወንፊት ይደፍናል። የዘይት መብራቱ እስኪበራ ብሮንዚናው፣ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብረት፣ ተበልቷል።"

"ሁሉም ላይ ይደርሳል?" አለ ነጋዴው።

"ሁሉም ላይማ አይደርስም። ግን የጫት መኪና ነው። ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለመድረስ ይበራል፤ እንደደረሰ ቁልፉ ይዘጋል። ቱርቦው ገና እንደጋለ ዘይቱ ይቆምበትና ዘንጉ ላይ ያራል። ነዳጅ ሳይረግጥ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ አቆይቶ የሚያጠፋ የጫት ሹፌር ካወቅህ አስተዋውቀኝ።"

ሦስቱም ሳቁ። ባትላሜራው ግን ብርጭቆውን አስቀመጠ። "አንተ ሞተር ስለምታውቅ ሞተር ትፈራለህ፤ እኔ የምበላው ከዝገት ነው፣ የምፈራውም ዝገትን ነው።" (ሽማግሌውን አንተ ማለቱ ለአዲስ አበባ ሰው ያስደነግጥ ይሆናል። ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው፤ ማንም ቅር አላለውም።)

"የካሶኒና የበር ዝገት ቀላል ነው" ሲል ቀጠለ። "ቆርጬ ላሜራ እበይድበታለሁ፣ በስቱኮ አስተካክዬ እቀባዋለሁ። ሻንሲ፣ መኪናው በሙሉ የተቀመጠበት ብረት፣ ግን ሌላ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ሳጥን ነው። ጨው ያለበት ጭቃ በቀዳዳዎቹ ይገባል፤ ከኋላ አክሰል በላይ ጎበጥ ካለው ቦታ ግራና ቀኝ ይተኛል፤ የውኃ መውጫዎቹ ሲደፈኑ እዚያው እርጥብ ሆኖ ይከርማል። ስለዚህ የሚበላው ከውስጥ ነው። ውጭ ላይ ቅርፊት ሲያነሳ ብታየው ብረቱ ሳስቶ አልቋል።"

"ትበይደዋለሃ!" አለ ነጋዴው።

"የሳሳ ብረት ላይ? እሳቱ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ቢይዝልኝም ከብየዳው ጎን ያለው ብረት በሙቀቱ ስለሚዳከም፣ ሲሚንቶ ጭነህ ጉድጓድ ስትገባ እዚያው ጎን ይሰነጠቃል። ሻንሲ የሚጠገነው ጤነኛ ብረት ድረስ ተቆርጦ ነው፤ ወፍራም ብረት ተደርቦበት፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ሰያፍ ተቆርጦ። የአፍዴራው ላይ ጤነኛ ብረት የት እንደሚጀምር ማን ያውቃል? ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩን አትርሳ። ዝገት ቁጥሩን ከበላው ስም ስታዛውር ከሊብሬው ጋር የሚመሳከረው ምን ላይ ነው?"

ሹፌሩ እዚህ ላይ ገባ። "ቶዮታ ራሱ ሸሽቶታል። አሜሪካ የሚሸጠውን ታኮማ የሚባል ፒካፕ፣ ከ1995 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. የተመረተውን፣ ሻንሲው ዝጎ ሲበሳሳ በ2008 ከባለቤቶቹ መልሶ መግዛት ጀመረ። የገበያውን ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ እየከፈለ።"

"እዚያ በረዶ አለ፤ እዚህ በረዶ የት አለ?" አለ ነጋዴው።

"ብረቱን የበላው በረዶው መሰለህ? መንገድ ላይ ለበረዶው የሚበትኑት ጨው ነው። አፍዴራ ላይ ደግሞ ጨው አይበተንም፤ መሬቱ ራሱ ጨው ነው።"

ነጋዴው ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ "ታዲያ በምን ልለየው?" ሲል ጠየቀ። ከዚህ በኋላ ክርክሩ ወደ ሥራ ተለወጠ።

ባትላሜራው እንደሚለው አነስተኛ መዶሻ ይዞ ሥር መግባት ነው። ከፊት ወደ ኋላ፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ መታ መታ ማድረግ፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የተበላው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። የባሌስትራ (የኋላውን ክብደት የሚሸከሙት ድርብርብ ብረቶች) መያዣዎቹ ዙሪያና ከአክሰሉ በላይ ያለው ቦታ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ተገፍቶ ይታያል። አዲስ ካትራሜ (ጥቁር ሬንጅ) የተቀባ ሥር ካለ የተቀባበትን ምክንያት መጠየቅ ነው፤ መኪናውን ለመጠበቅ ከሆነ ሁሉም ቦታ ይቀባል፣ ለመደበቅ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ይወፍራል። ለቀለሙ ደግሞ ማግኔት ይበቃል። ስቱኮ ላይ አይዝም።

ሹፌሩ ስለ ፍሬን ጨመረ። በሻንሲው ጎን ወደ ኋላ የሚሄደው የዘይት ቱቦ ቀጭን ብረት ነው፤ ከሻንሲው ቀድሞ ይበላል። ከኋላ አክሰል በላይ፣ እንደ ጭነቱ ክብደት የፍሬኑን ኃይል የምትመጥን ቫልቭ አለች፤ ዝገት ክንዷን ካደረቀው ጭነህም ሳትጭንም እኩል ትሠራለች። ይህ ደግሞ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው።

ስለ ኪሎ ሜትሩም ሹፌሩ 140 ሺሁን አላመነም፤ ቆጣሪ ይወርዳል። የፔዳሉ ጎማ ጥርሱ ካለቀ፣ የመሪው ቆዳ ከተላጠ፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ከተቦደሰ ቁጥሩን መርሳት ነው።

"አንድ ነገር ረሳችሁ" አለ መካኒኩ። "ራዲያተሩ። ሞተሩ ሳይሞቅ ክዳኑን ክፈተው። ውኃው ቡናማ ከሆነ ያለ ኩላንት ኖሯል፤ ዝገቱ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ነው ማለት ነው። ነጭ ቅርፊት ካየህ ደግሞ የድሬ ውኃ ነው።" የድሬን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ውኃው ኖራ ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያው ላይ የሚጋገረው ቅርፊት የራዲያተሩንም ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል።

ፈተናው ወደ ሐረር የሚያወጣው ደንገጎ ዳገት እንዲሆን ሁሉም ተስማሙ። አሥር ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም አምስት ኩንታል ጭኖ፣ ኤሲውን ከፍቶ መውጣት። የሙቀት መርፌው መሃል ላይ ሳይንቀሳቀስ ከወጣ ራዲያተሩ ጤነኛ ነው። ማርሹ ሳይቀየር የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ መኪናው ካልተጎተተ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ሳያጠፉ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መሙያውን ክዳን ማላላት፤ ጭስ በግፊት የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የኢንጀክተሮቹ ወሸር አልቋል።

"የአፍዴራውን ግን ጭነህ አትውጣ" አለ ባትላሜራው። "አስቀድመህ በመዶሻ።"

እኔ ከባትላሜራው ጋር ነኝ፤ የመካኒኩን ፍርሃት ግን ዋጋ ላይ አስገባዋለሁ። የሞተር ጥገና ምን ያህል እንደሚፈጅ ከመግዛት በፊት ይታወቃል፤ መለዋወጫውም አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አለ። ሞተር ሲደክም ይጨሳል፣ ይሞቃል፣ ያንኳኳል። ሻንሲ ግን ሲሚንቶ እንደጫነ፣ ዝም እንዳለ ነው የሚሰበረው። ስለዚህ 340 ሺሁን እመርጣለሁ፣ በቅድመ ሁኔታ፦ የ300 ሺሁ ቺንጋ መቀየሩ በጋራዥ ወረቀት ካልታየ እንዳልተቀየረ ይቆጠር፤ የዘይት ገንዳው ወርዶ ወንፊቱ ይታይ፤ አራቱም የኢንጀክተር ወሸሮች ይቀየሩ። የእነዚህ ወጪ ተደምሮ ከሻጩ ዋጋ ላይ ይነሳ።

የአፍዴራው ሻንሲ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከጮኸ፣ ዝገቱም ካሶኒው ላይ ብቻ ሆኖ ከተገኘ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ያኔ ካሶኒው ለባትላሜራው የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ የፍሬን ቱቦዎቹ ግን በሙሉ ይቀየሩ። ከጨው ኩሬ የመጣ መኪና እንዲህ ሆኖ ይገኛል ብዬ ብዙ ተስፋ አላደርግም፤ ቢሆንም መዶሻው ሳይነካው አልፈርድበትም። ሻጩ መዶሻ ሻንሲዬን አይነካም ካለ ግን ነጋዴው ሌላ መኪና ይፈልግ።