«እሷ ሆደ ሰፊ ናት፣ ትችለዋለች»

ጎንደር ውስጥ እናት ወይም አባት መርሳት ሲጀምሩ ከልጆች መካከል ማን ያስታምም የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይወሰናል። ያላገባችው ወይም ትዳሯ ፈርሶ የተመለሰችው፣ ካልሆነም ቁጣ የማይታይባት ሴት ልጅ ሥራውን ትረከባለች። ሌሎቹ «እሷ ሆደ ሰፊ ናት፣ ትችለዋለች» ብለው ወደየኑሯቸው ይሄዳሉ። ይህን አባባል አራዳም አዘዞም ሰምቼዋለሁ። የሚነገረው እንደ ምስጋና ነው። እኔ ግን ሸክሙን በአንዲት ሴት ላይ ጥሎ ለመሄድ የምንጠቀምበት ምክንያት ሆኗል ባይ ነኝ።

«ጃጅተዋል» ብለን የምናልፈው ነገር ብዙ ጊዜ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ከቤተሰብና ከወዳጅ የሆኑ አስታማሚዎች በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ያህል በዚህ ሥራ ላይ ያሳልፋሉ፤ ከማስታመሙ ሰዓት 70 በመቶው የሚወድቀው በሴቶች ላይ ነው።

አማካይ ቁጥር ግን የቤቱን ውስጥ አያሳይም። እናት ሦስተኛውን ቡና ጠጥተው ስኒው ሳይነሣ «ዛሬ ቡና የለም ወይ?» ይላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይረበሻሉ፤ አርባ ዓመት በኖሩበት ቤት ተቀምጠው «ቤቴ ውሰዱኝ» እያሉ ነጠላቸውን ያጣፋሉ። መቀነታቸው ላይ የቋጠሩትን ብር ራሳቸው ፍራሽ ሥር ይሸጉጡና ልጃቸውን «ሰረቅሽኝ» ይሏታል። በስርቆት የምትወነጀለው ሁልጊዜ አጠገባቸው ያለችው ናት። በዓመት አንዴ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወንድ ልጅ ግን ተመርቆና ተስሞ ይመለሳል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ በሽታው የሚያመጣው ነው። ሆኖም ሰው በዚህ ውስጥ ስድስትና ሰባት ዓመት ይኖራል።

በሥነ ልቦና ጥናት የሰው ጠባይ ብዙ ጊዜ በአምስት ዘርፎች ይለካል። አስታማሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት፣ በጠባያቸው ለጭንቀትና ለሐዘን ቅርብ የሆኑ ሰዎች ሸክሙ ይበልጥ እንደሚከብዳቸውና ለድባቴ ይበልጥ እንደሚጋለጡ ነው። ተጫዋች፣ ተግባቢና ሥርዓት ወዳድ የሆኑት በአማካይ ይሻላቸዋል። ይህን ያነበበ «እንግዲያው ለትዕግሥተኛዋ መስጠታችን ልክ ነበር» ሊል ይችላል።

አልስማማም። ከእነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ ሰዎችን የጠየቁት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ማስታመሙ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። ለዓመታት ሌሊት በር ሲጠብቅ ያደረ ሰው መጠይቁ ላይ ጭንቀታም ሆኖ ቢገኝ፣ ከመጀመሪያውም እንዲያ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ደግሞም ሆደ ሰፊ ሰው ችግሩን አይናገርም። እንዴት ነሽ ስትባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ወሬ ትቀይራለች፤ ደም ግፊቷ ሲጨምርና ወገቧ ሲያማት የሚያውቅ የለም። ገር ጠባይ ቢኖራት እንቅልፍ አይተካላትም፤ የሰውነታቸው ክብደት ያው የሆነ እናትን አንሥቶ ለማጠብም ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ግልፍተኛዋስ? እሷን ደግሞ እንፈርድባታለን። አባቷ ላይ ጮኻ፣ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ውላ፣ ለንስሐ አባቷ ትናዘዛለች። «ታገሺ» ትባላለች። ጸሎቱና ጠበሉ የሚሰጣትን መጽናናት አላቃልልም። ነገር ግን የንስሐ አባት የቤቱን ጓዳ የሚያውቅ ሰው ነውና «በሳምንት ስንት ቀን የሚያሳርፍሽ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቀጥሎም ወንድሞቿን ቢጠራ፣ ያ ጥያቄ ከብዙ ምክር ይበልጥ ይረዳታል።

ማስታመም የሚማሩት ሙያም ነው። በእንግሊዝ አገር 260 የቤተሰብ አስታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ የታተመ ሙከራ ነበር። የሕክምና ባለሙያ ያልሆኑ የሥነ ልቦና ምሩቃን፣ በባለሙያ እየተመሩ፣ ለእያንዳንዱ አስታማሚ ስምንት ጊዜ ትምህርት ሰጡ፦ የሚያስቸግረው ድርጊት መቼና ለምን እንደሚመጣ ማስተዋል፣ አለመከራከር፣ ራስን ማረጋጋት፣ ለራስ ደስ የሚል ነገር ማቀድ። የተማሩት ካልተማሩት ያነሰ ድባቴና ጭንቀት ታየባቸው፤ ልዩነቱ ከሁለት ዓመት በኋላም አልጠፋም። ጠባይሽን ቀይሪ የተባለች አልነበረችም።

ይህ ለጎንደር ባዕድ ሐሳብ አይደለም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው፣ ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ሕዝቡ ያሰማራ ከተማ፣ ለአስታማሚዎች ስምንት ትምህርት ማዘጋጀት አያቅተውም። የሥነ ልቦና ምሩቃን አሉ፤ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም አሉ። የአስታማሚን ሸክም የሚለካና በብዙ አገሮች የሚሠራበት ባለ 22 ጥያቄ መጠይቅም አለ፤ ውጤቱ ከዜሮ እስከ 88 ይደርሳል። በሽተኛው ለክትትል ሲመጣ ወረፋ ላይ እያለች አብራው የመጣችውን ልጅ መጠየቅ ይቻላል። አሁን የምትጠየቀው ካርዱን ይዛ እንደሆነ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን እድራችን ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ያን ሥርዓት ያቆመ ሰፈር፣ በሽተኛዋ በሕይወት ሳሉ ቅዳሜ ልጅቷ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ተረኛ ቢመድብ ምን ያግደዋል? አዲስ መዋጮ አያስፈልግም፤ የስም ዝርዝሩ መዝገቡ ላይ አለ።

ውጭ አገር ያላችሁ ልጆችም የምትልኩት ገንዘብ ለመድኃኒትና ለቀለብ ብቻ አይሁን፤ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ እህታችሁን የሚተካ ሰው ለመቅጠሪያም ይሁን። ስትደውሉ «እማዬ እንዴት ናት?» ካላችሁ በኋላ «አንቺስ ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ?» በሉ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙ። እዚሁ ጎንደር ያለው ወንድም ደግሞ እናቱን ማጉረስም፣ ልብሳቸውን መቀየርም፣ አብሯቸው ማደርም ይችላል። ከዚህ ቅዳሜ ይጀምር።