ማስተካከያ፦ የ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ለ«ቺ» የተሰጠ አይደለም

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የሚዞረው ጽሑፍ «ቻይናዊቷ ሐኪም በ2015 ኖቤል የተሸለሙት ቺ የሚባለው የሰውነት ኃይል መኖሩን አረጋግጠው ነው» ይላል። ስህተት ነው።

ቱ ዩዩ የተሸለሙት አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት በማግኘታቸው ነው። የኖቤል ኮሚቴው መግለጫም ሆነ የራሳቸው የሽልማት ንግግር የሚሉት ይህንኑ ነው። ሙያቸውም የመድኃኒት ምርምር ነው።

መነሻው ጥንታዊ መሆኑ ግን እውነት ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ገ ሆንግ የተባለ ቻይናዊ፣ ለወባ ትኩሳት፣ መድኃኒቱ ከሚወጣበት ተክል አንድ እፍኝ ቅጠል በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ መጠጣት ሲል ጽፏል። ማፍላት የሚል የለም! ቱ ዩዩ ይህን ሲያነቡ ሙቀት መድኃኒቱን ያበላሸው ይሆናል ብለው ጠረጠሩ። በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ፣ ኤተር በተባለ ፈሳሽ ሞከሩት፤ ሠራ። በዚህ ሁሉ ቺን የለካ የለም።

ቺ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ትንፋሽን፣ የምግብ መፈጨትንና የሰውነት ሙቀትን አንድ ላይ የሚያስረዱበት ጽንሰ ሐሳብ ነው። በመሣሪያ ተለክቶ አያውቅም።

ጽሑፉን አምኖ ወባን «ቺ በሚያስተካክል» የአኩፓንክቸር (ሰውነት ላይ በሚሰካ የቻይና ባህላዊ) መርፌ ወይም በቅጠሉ ሻይ ላክም ያለ ካለ ይተወው። ሻዩን የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። እኛ ጋ ኮአርተም የምንለው ክኒን ከዚሁ አርቴሚሲኒን የተገኘ መድኃኒት አለበት። ትኩሳት ከያዘዎት ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ።