58ኛው ቀን ላይ የሚመጣ ባለጉዳይ

ባለፈው ዓመት አንድ የቀፊራ ገበያ ነጋዴ የፍርድ ግልባጩን በፌስታል ጠቅልሎ ቢሯችን መጣ። «ይግባኝ በሉልኝ» አለ። ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን አየሁና ቆጠርኩ። 58ኛው ቀን ነበር። የይግባኝ ጊዜ 60 ቀን ነው።

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ሦስት ጠበቆች ሆነን በአንዲት ጠባብ ቢሮ እንሠራለን። እንዲህ ያለ ባለጉዳይ ብርቃችን አይደለም። አብዛኛው ሰው ወደኛ የሚመጣው ተሸንፎ ነው። ክሱን ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ያስጽፋል፣ ራሱ ይከራከራል፣ ሲፈረድበት ጠበቃ ትዝ ይለዋል።

የነጋዴው ጉዳይ ቀላል ይመስላል። ለወዳጁ 300 ሺህ ብር አበደረ። ወዳጁ ካደ። ከሰሰው፣ ሁለት ምስክር ቆጠረ። ምስክሮቹም «ሲሰጠው አይተናል» አሉ። ተሸነፈ።

ለምን? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን፣ ወይም በመሐላ ነው ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ 500 ብር ምን ምን ይገዛ እንደነበር አባቶቻችን ይንገሩን። ዛሬ የቀፊራን ዘንቢል እንኳ አይሞላም። ቁጥሩ ይሻሻል ከሚሉት ነኝ። እስኪሻሻል ግን ለብድር ምስክር መደርደር ከንቱ ድካም ነው። ደግሞ እኛ ከተማ «ፈርምልኝ» ማለት ስድብ የሚመስለው ሰው ሞልቷል። «አቦ፣ በኔና ባንተ መሀል ወረቀት?» ይባባላሉ።

ነጋዴው ወሬውን ሲጨርስ ከፌስታሉ ሥር አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት አወጣ። ተበዳሪው በገዛ እጁ የብሩን መጠን ጽፎ፣ «ከረመዳን በኋላ እመልሳለሁ» ብሎ ፈርሞባታል። ሦስታችንም ተያየን።

«ይቺን ለምን አላቀረብክም?»

«ምስክር እያለኝ ለቁራጭ ወረቀት ምን አስጨነቀኝ?»

ብዙ ሰው ይግባኝ ማለት ክርክሩን እንደ አዲስ መጀመር ይመስለዋል። አይደለም። ይግባኝ ሰሚው የሚመረምረው የሥር ፍርድ ቤት፣ ማለትም ጉዳዩን መጀመሪያ ያየው፣ በቀረበለት ነገር ላይ ተሳስቷል ወይስ አልተሳሳተም የሚለውን ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 329፣ በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳ አዲስ ነገር በይግባኝ አይነሳም ይላል። አንቀጽ 345 ደግሞ ተጨማሪ ማስረጃን በጠባብ በር ብቻ ያስገባል። ወይ የሥር ፍርድ ቤት መቀበል ሲገባው ከልክሎ መሆን አለበት፣ ወይ ይግባኝ ሰሚው ራሱ ለፍርድ ያስፈልገኛል ማለት አለበት። ቤት ተቀምጣ የከረመች ወረቀት በዚህ በር አልፋ መግባቷ ዘበት ነው። ከዚያ በፊትም ማጣሪያ አለ። ዳኞቹ ፍርዱ እንከን የለውም ካሉ በአንቀጽ 337 መልስ ሰጪውን፣ ማለትም ሌላኛውን ተከራካሪ፣ ሳይጠሩ መዝገቡን ይዘጋሉ። በኛ ቋንቋ «አያስቀርብም» ተባለ ማለት ነው። ይህቺ አንዲት ቃል ስንቱን አስለቅሳለች!

«ሰበር እሄዳለኋ!» ይላሉ ከዚያ። የመጨረሻው እርከን የሆነው የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ሩቅ። የሚያየውም መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው። የማን ምስክር ይበልጥ ይታመናል ብሎ አይመዝንም። እዚያም ሦስት ዳኞች አስቀድመው ያጣራሉ።

ድሬ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። የከተማው ፍርድ ቤት አለ፣ የፌዴራሉ አለ፣ ሁለቱም ወገን ከፈቀዱ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለ። አንዳንዱ የተሳሳተ በር ሲያንኳኳ ይከርምና «ሥልጣን የለንም» ተብሎ ይመለሳል። የአንድ ሰዓት ምክር ያድነው ነበር።

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚሉት እውነት ነው። ያንገበግባል። እኔ ግን በቅሎዋን ፍለጋ ሌላ ሁለት በቅሎ የሸጠ ሰውም አውቃለሁ። የዳኝነት ክፍያ፣ የጠበቃ አበል፣ ከሥራ መቅረት፣ ቀጠሮ፣ ደግሞ ቀጠሮ።

ሐቁን ልናገርና፣ ይግባኝ ለጠበቃ ጥሩ እንጀራ ነው። «አይሆንም» ማለት ግን ገቢ የለውም። ለዚህ ነው ትንሽ የጥብቅና ድርጅት ይጠቅማል የምለው። አዋጅ 1249/2013 እስኪመጣ ድረስ ጠበቃ ለብቻው ነበር የሚሠራው። አሁን በድርጅት መሥራት ተፈቅዷል። እኛ ቢሮ አንዳችን የጻፈውን የይግባኝ ቅሬታ ሌላችን የመልስ ሰጪ ጠበቃ ሆኖ ያነበዋል፣ እየጨከነ። ሦስተኛው እንደ ዳኛ ሆኖ «ያስቀርባል ወይስ አያስቀርብም?» ይላል። አያስቀርብም ካልን ለባለጉዳዩ እንነግረዋለን። ተቆጥቶ የሚወጣ አለ። ብቻውን የሚሠራና የቤት ኪራይ የደረሰበት ጠበቃ ይህን ማለት ይከብደዋል፤ አልፈርድበትም።

ለነጋዴውም ነገርነው። ሥር ላይ ወረቀቷ ብትቀርብ ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ እንደነበር፣ ወረቀት ባይኖር እንኳ «ተከሳሹ ይማል» ማለት ይችል እንደነበር፣ አሁን ግን ተስፋው በጣም የመነመነ መሆኑን። ፌስታሉን አንስቶ ወጣ። በቀሩት ሁለት ቀናት ሌላ ቦታ አጽፎ አስገባ። አያስቀርብም ተባለ። ልክ በመሆናችን ደስ አላለንም።

ባለፈው ዓርብ አንዲት እናት ከሳቢያን ሰፈር መጡ፣ መጥሪያ ይዘው። ከደረሳቸው ገና ሁለት ቀን ነው። የመከላከያ መልስ የሚቀርበው በሚቀጥለው ወር ነው። የቤቱን ካርታ፣ የግብር ደረሰኙን፣ የድሮ ውሉን ሁሉ በዘንቢል ሞልተው ነው የመጡት። በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ቸኮልኩ እንዴ?» አሉ። ወንበር ሳብኩላቸው።